ጣሳው ላይ ያለው ቀንና ጣሳው ውስጥ ያለው ወጥ

«የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ያለፈባቸው የታሸጉ ምግቦች ተያዙ» የሚል ዜና ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ መስማት ብቻ ሳይሆን ለክፍል የዜና ልምምድ ጽፌውም አውቃለሁ። «ጊዜው ያለፈበት» ብዬ ስጽፍ ግን ያለፈው የምን ጊዜ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያስጠየቀኝ አንድ ጣሳ ቺሊ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ከሻምፑና ከቫይታሚን ጋር አራት ጣሳ ቺሊ ጨምራ ላከች። ሻምፑው አለቀ፣ ቫይታሚኑም አለቀ፤ ጣሳዎቹ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስተው ከረሙ። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ አገኘቻቸውና ከታች የተጻፈውን እንዳነብላት ጠራችኝ። «ቤስት ባይ» ይላል። ቀኑ መስከረም 2025 ነው፤ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል።

«ኤክስፓየር አድርጓል፤ በል ጣላቸው!» አለች አክስቴ።

ለቡና የመጡት ጎረቤታችን እማማ ግን አልተስማሙም። «ምን ነካሽ ልጄ፣ እኛ ገና 2018 ላይ አይደለን እንዴ? ሰባት ዓመት ይቀረዋል እኮ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚጻፍበት። በዚያ ላይ አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉ 03/07 የሚለው ለእነሱ ማርች 7፣ ለአውሮፓው ጁላይ 3 ነው። ባለሱቁም ገዢውም በየፊናው ያነበዋል። (በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚያው መደርደሪያ ላይ አንድ ጣሳ የቲማቲም ድልህ ነበር። ቀኑ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ነገር ግን ከላይ በኩል፣ ክዳኑና ጎኑ የሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ፣ ክፉኛ ተጨርምቷል። ሱቅ ውስጥ ወድቆ ይሁን መኪና ላይ አናውቅም። አክስቴ ቺሊውን ለመጣል እየተዘጋጀች ያንን ግን ለእሁድ ስልስ አስቀመጠችው። ምክንያቱም ቀኑ አላለፈም!

ከሁለቱ የትኛው ነው መጣል ያለበት?

ቀኑ የሚናገረው ስለ ምንድነው?

«ቤስት ባይ» ወይም «ቤስት ኢፍ ዩዝድ ባይ» የሚለው ጽሑፍ የአምራቹ ቃል ነው። «እስከዚህ ቀን ድረስ ጣዕሙ፣ መልኩና ልስላሴው እኔ እንዳሰብኩት ይሆናል» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ መርዝ ይሆናል አይልም። እንዲያውም በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቀን እንዲጻፍበት የሚያስገድደው የሕፃናት ወተት ላይ ብቻ ነው፤ በሌላው ላይ የሚጽፈው አምራቹ በራሱ ፈቃድ ወይም በየግዛቱ ሕግ ነው። (የሕፃን ወተት ላይ ያለውን ቀን ግን አክብሩ፤ እሱ ጨዋታ የለውም።) ካሊፎርኒያ በ2024 ባጸደቀችው ሕግ ይህንን የቃላት ግርግር ወደ ሁለት አውርዳዋለች፤ አንዱ ስለ ጥራት የሚናገር፣ ሌላው ስለ ደኅንነት የሚናገር።

እኛ አማርኛ ላይ ሁለቱንም «የመጠቀሚያ ጊዜ» እያልን በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን። አንዱ «እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል» ነው፤ ሌላው «ከዚህ ቀን በኋላ አይበላም» ነው። የዜና ሰው ይህን ልዩነት ካልጻፈው አንባቢው ከየት ያምጣው? ሱቅ ቀኑ ያለፈበትን እንዳይሸጥ መከልከሉ ትክክል ነው፤ ዕቃው የት እንደከረመ ገዢው ሊያውቅ አይችልምና። እቤት ውስጥ ያለ ጣሳ ግን የት እንደነበረ እናውቃለን።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ምክር እንደሚለው፣ አሲዳቸው አነስተኛ የሆኑ የጣሳ ምግቦች፣ ማለትም ሥጋ፣ ወጥ፣ ባቄላና ቦሎቄ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራታቸውን ይዘው ይቆያሉ። እንደ ቲማቲምና ፍራፍሬ ያሉ አሲድ ያላቸው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሲዱ ከውስጥ ሆኖ ብረቱን ቀስ በቀስ ስለሚበላው ምግቡ ብረት ብረት ማለት ይጀምራል። ስለዚህ አክስቴ ቤት ከነበሩት ሁለት ጣሳዎች በተፈጥሮው ቶሎ የሚያረጀው ቲማቲሙ ነው።

ሙቀትም አለ። አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጣሳና ሰመራ ወይም ጎዴ ፀሐይ ላይ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን የከረመ ጣሳ ቀናቸው አንድ ስለሆነ ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያም ያው ነው።

የሰጠመችው መርከብና ያልሰጠመው ፋብሪካ

በርትራንድ የምትባል የእንፋሎት መርከብ ኤፕሪል 1 ቀን 1865 ሚዙሪ ወንዝ ላይ ሰጠመች። ጭነቷ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ በ1968 ተገኘ። በ1974 የምግብ ኬሚስቶች ከጭነቷ መካከል የታሸገ ኮክ፣ ቲማቲም፣ አትክልትና ኦይስተር (የባሕር ቀንድ አውጣ ቢጤ ነው) ከፍተው መረመሩ። ከ109 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መልኩና ሽታው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቫይታሚን ሲና ኤም በብዛት ጠፍተዋል። ነገር ግን በውስጡ የበቀለ ተህዋስ አላገኙም። ፕሮቲኑም ደህና ነበር። እኔ ብሆን አልቀምሰውም፤ ግን ጣሳ ማለት ይህን ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሙ። በ2007 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያና፣ ቴክሳስና ኦሃዮ የሚኖሩ 8 ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል የመመረዝ በሽታ ተያዙ። ምንጩ ሲጣራ ጆርጂያ ግዛት ኦገስታ ከተማ ባለ ካስልቤሪ በተባለ ፋብሪካ የታሸገ፣ ሆት ዶግ ላይ የሚደረግ የቺሊ ስጎ ሆኖ ተገኘ። የፋብሪካው ማብሰያ የሚገባውን ያህል ሙቀት ሳይሰጥ ቀርቶ ነው። ከ80 በላይ ዓይነት ምርቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ እንዲሰበሰቡ በተባሉት ጣሳዎች ላይ የተጻፈው «ቤስት ባይ» ስንት ይመስላችኋል? ኤፕሪልና ሜይ 2009! ሁለት ዓመት ገደማ የሚቀራቸው ነበሩ። በእኛ የዜና ቋንቋ «ጊዜያቸው ያላለፈባቸው» ምግቦች ናቸው እንግዲህ።

የማይሸተው ጠላት

ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ነው። አፈር ውስጥ በየቦታው አለ። ሲቸግረው ስፖር ይሆናል፤ ስፖር ማለት እንደ ደረቅ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የሚተኛበት መልኩ ነው። አየር የሌለበት፣ አሲዱ አነስተኛ የሆነ (ፒኤች ከ4.6 በላይ)፣ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ይነቃና መርዙን ያመርታል። አንድ ጣሳ የሥጋ ወጥ ይህንን ሁሉ ያሟላል። ስለዚህ ነው ፋብሪካው ምግቡን ጣሳ ውስጥ ዘግቶ እንደ ትልቅ የፕሬዠር ድስት ባለ ማብሰያ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚያበስለው። ተራ መፍላት ስፖሩን አይገድለውም። ባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በከፍታዋ ምክንያት 92 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። «አፍልቼዋለሁ እኮ» ማለት እኛ ዘንድ የባሰ ደካማ መከራከሪያ ነው።

መርዙ ራሱ (ስፖሩ ሳይሆን) በደንብ ሲፈላ ይበላሻል። ሆኖም የተጠረጠረ ጣሳን አፍልቶ ለመብላት ይህንን ምክንያት ማድረግ ጅልነት ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ ሽፋሽፍት ይከብዳል፣ አፍ ይደርቃል፣ መናገርና መዋጥ ያቅታል፤ ከዚያ ሽባነቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ መተንፈስንም ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው «ነገ ይሻለኛል» ሳይል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ይንገር።

ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው፤ መርዙ ያለበት ምግብ ምንም ላይሸት ይችላል።

ይህንን ለአክስቴ ስነግራት ማመን አቃታት። አልፈርድባትም። እሷ በርበሬ ስትገዛ ቀን አታነብም፤ በርበሬ ላይ ቀን የለም። በእጇ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ብርሃን ላይ ቀለሙን ታያለች፣ እርጥበት ካለው «ሻጋታ ይዞታል» ብላ ትመልሳለች። ትክክል ናት! በርበሬ እርጥበት ካገኘው የሚበቅልበት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣልና። ይህ ከእናቷ የወረሰችው ዕውቀት ነው። ጣሳ ላይ ግን አፍንጫ አይሠራም፤ እጅም ውስጡ አይገባም። ስለዚህ አፍንጫዋን ያጣችው አክስቴ ቀኑን ብቻ ተማመነች።

አፍንጫ ባይሠራም ዓይን ይሠራል። ክዳኑ ወይም ቂጡ ያበጠ፣ ስትጫኑት ጠብ ብሎ የሚመለስ ጣሳ አይከፈትም። የሚያፈስ፣ ዝገቱ ሲፋቅ የማይለቅ፣ ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ጉድጓድ ወይም ሹል እጥፋት ያለበት ይጣላል። ከሁሉም በላይ መገጣጠሚያው ላይ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ወይም የጎኑ ስፌት ላይ የተጨረመተ ጣሳ አይታመንም፤ ለዓይን የማትታይ ቀዳዳ ትበቃዋለች። ጎኑ ላይ ብቻ ትንሽ ጎድጎድ ያለው ግን ችግር የለውም። ሲከፈት ፈሳሹ ከተፈናጠረ ወይም አረፋ ካለው መቅመስ የለም፤ «እስቲ ጫፉን» ማለትም የለም።

ሲጣልም በዘዴ ነው። እኛ አገር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለ ምግብ ሁልጊዜ ተጥሎ አይቀርም። የሚያነሳው ሰው አለ፤ ውሻም አለ። ሳይከፈት በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በትልቁ «መርዝ ነው» ብሎ ጽፎ፣ ቆሻሻ ለሚያነሱት ልጆች በቃል ነግሮ መስጠት ይሻላል።

ባለቦሎቄና ያለቦሎቄ

አሁን ስለ ወጡ እናውራ። ቺሊ በእንግሊዝኛ ቃሪያውም ወጡም ነው። የወጡ ሙሉ ስም «ቺሊ ኮን ካርኔ» ሲሆን በስፓኒሽ ቃሪያ ከሥጋ ጋር እንደማለት ነው። ስሙ የገነነው ቴክሳስ ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳን አንቶኒዮ አደባባዮች ላይ ማታ ማታ በድስት አቅርበው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ «የቺሊ ንግሥቶች» ይባሉ ነበር። ላይመን ዴቪስ የሚባል ሰው ደግሞ በ1895 ኮርሲካና ከተማ ውስጥ ከጋሪ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ በ1921 ማሸግ ሲጀምር ያሳድገው የነበረውን ተኩላ ምልክት አደረገው። «ዎልፍ ብራንድ» የሚባለው ቺሊ እስከ ዛሬ አለ። ሆርሜል የሚባለው ኩባንያም የራሱን አወጣ።

ቴክሳሶች ቺሊን በ1977 የግዛታቸው ምግብ ብለው በሕግ ደንግገውታል፤ በውስጡ ቦሎቄ ገባ ማለት ደግሞ ለብዙዎቹ ስድብ ነው። ተርሊንጓ በተባለች ትንሽ መንደር ከ1967 ጀምሮ የቺሊ ውድድር ይካሄዳል፤ እዚያ ቦሎቄ የጨመረ ተወዳዳሪ ከጨዋታ ውጪ ነው። ሌላው አሜሪካ ግን በቦሎቄ ይበላዋል። ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከመቄዶንያ የመጡ ስደተኞች በ1922 ቀረፋ ያለበት ቺሊ ፓስታ ላይ አፍስሰው መሸጥ ጀመሩ። ይህን ሳነብ የኛ ፓስታ በስጎ ትዝ አለኝ።

አክስቴ ቤት የነበሩት አራቱም ጣሳዎች ባለቦሎቄ ነበሩ። ለነገሩ ቦሎቄው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ስምጥ ሸለቆ የሚበቅለው ነጭ ቦሎቄያችን ወደ አውሮፓ ተልኮ ጣሳ ውስጥ የሚገባ ነው። እኔ ከቦሎቄ ወገን ነኝ። ሥጋው የተፈጨ ስለሆነ ጥርስ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ጣዕሙስ? አንዱን ጣሳ አገላብጠን መርምረን፣ ደህና መሆኑን አይተን ከፈትነው። አልተፈናጠረም። አሙቀን ቀመስነው። አክስቴ አንድ ማንኪያ ዋጠችና «ወጥ ሊሆን ፈልጎ ሳይሆንለት የቀረ ነገር ነው» አለች። ጨው በዝቶበታል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ማቃጠል የሚባል ነገር የለውም።

መጀመሪያ ያደረግነው ስህተት ነበር፤ ጥሬ በርበሬ ላዩ ላይ በተንን። በርበሬ ሳይቁላላ ዱቄት ዱቄት ይላል። ሁለተኛውን ጣሳ በሥርዓት ሠራነው። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት እስኪጠወልግ ተቁላላ፤ ከዚያ ትንሽ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጠብ ጠብ እያለ ውኃ፣ 15 ደቂቃ ያህል። ምክንያት አለው፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውኃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሟሟው። ዘይት ውስጥ ሲቁላላ ወጡን በሙሉ ያዳርሰዋል፤ ውኃ ላይ ቢበተን አንዱን ጉርሻ ብቻ ያነዳል። ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ከዚያ የጣሳው ቺሊ ተገለበጠበት፤ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ። ሲወርድ ግማሽ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ከላይ የተሰነገ ቃሪያ። ሚጥሚጣ የሚፈልግ ሳህኑ ላይ ለራሱ ይጨምራል። የአሜሪካኖቹ ቅመም ከሙንና ኦሬጋኖ ይበዛበታል፤ የበርበሬያችን ኮረሪማ ሲገባበት የጣሳ ሽታው ጠፋ።

ጨው ግን አትጨምሩ። የአንዳንዶቹ ቺሊ አንድ ኩባያ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ2 ግራም በታች ነው። በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ሊሆን ይችላል። እኛ እንዲያውም የተቀቀለ ምስር ጨምረን አበዛነው። የተረፈው ጣሳው ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ክዳን ባለው ዕቃ ተገልብጦ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሐሙስ ወይም ማክሰኞ ከፍቶ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ይህንን ያስላ። እዚህ ቤት አንድ ግማሽ ሳህን በዚህ ምክንያት ለድመት ሆኗል።

የጣሳው ሽታ ጠፋ ያልኩት ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቅመም ይሸፍናል። ለደህና ጣሳ ይህ በጎ ነው። የተበላሸ ጣሳን ግን ቅመም አያክመውም፤ ጭራሽ የቀረችውን ትንሽ ምልክት ይደብቃታል። ስለዚህ ምርመራው በርበሬው ከመውጣቱ በፊት ነው የሚያልቀው።

የቲማቲሙን ድልህ ለመጣል ከቺሊው የበለጠ ክርክር ፈጀብኝ። «ቀኑ እኮ አላለፈም!» አለች አክስቴ ሦስት ጊዜ። እማማ ናቸው የገላገሉን፤ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጣሳውን መስኮቱ ጋ ወስደው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና «ይሄ እንደተሰነጠቀ እንስራ ነው፤ አይታመንም» አሉ። በሁለት ፌስታል ጠቀለልነው።

የቺሊው ባዶ ጣሳ ታጥቦ፣ አፉ በመዶሻ ተስተካክሎ፣ አሁን የሽሮ መስፈሪያ ሆኗል። ቂጡ ላይ ያለው መስከረም 2025 እስካሁን አልለቀቀም።